ጥፋቱ የኪቦርዱ አይደለም

«የኪቦርድ ዘፈን» ስድብ ከሆነ ቆይቷል። ታክሲ ውስጥ፣ ሰርግ ላይ፣ ፌስቡክ ላይ ትሰሙታላችሁ። ድሮ ባንድ ነበር፣ ትራምፔትና ሳክስፎን ነበር፣ ድራም ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር። ከዚያ ኪቦርድ መጣና ሁሉንም ጠራርጎ በላ ይባላል። ዘፈኑ ደረቀ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ።

መድረቁን አልክድም። ክሱ በኪቦርዱ ላይ ሲሆን ግን ያናድደኛል። ቤቴ ባለችው ስቱዲዮ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜዬን የማጠፋው ሚዲ ስቀዳ ነው። ስቱዲዮ ስል አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ሳውንድ ካርድ፣ 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወፍራም ብርድ ልብስ ማለቴ ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ማሽኑ የተጫወትነውን አንድም ሳያስቀር ይጽፋል። የምናጠፋው እኛው ነን፤ ያውም አንዲት ትእዛዝ በመጫን።

ሚዲን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ሚዲ ድምፅ አይቀዳም። አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚሄደው ትንሽዬ መልእክት ነው። በዚህ ቻናል ላይ ይህ ቁልፍ ተጫነ፣ በዚህን ያህል ኃይል ይላል። መሐል ላይ ያለችው ዶ 60 ተብላ ትጠራለች። ኃይሉ ከ1 እስከ 127 ይለካል። ጣታችሁን ስታነሡ ሌላ መልእክት ይከተላል። አለቀ። ፒያኖ ይሁን ቤዝ ይሁን ከበሮ፣ ድምፁን የሚያወጣው በወዲያኛው በኩል ያለው መሣሪያ ወይም ፕለጊን የሚባለው የኮምፒዩተር ድምፅ አውጪ ፕሮግራም ነው። ዛሬ በፒያኖ የቀዳችሁትን ነገ በኦርጋን ልታሰሙት ትችላላችሁ።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሰው ይህ አይገርመውም። ድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ በትንንሹ የተጻፉትን ምልክቶች አስቡ። ይዘት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ይነገራል። ምልክቱ ራሱ አይጮህም። ለሚያውቀው ሰው «እዚህ ጋ እንዲህ አድርግ» ይለዋል። መሪጌታው ከሌለ ብራናው ዝም ነው። ሚዲ ፋይልም ፕለጊኑ ከሌለ ዝም ነው። ልዩነታቸው ግን ለእኔ ትልቁ ነገር ነው። ምልክቱ አንድ መሪጌታ አንድ ቀን የትኛዋ ፊደል ላይ ምን ያህል እንደቆየ አይነግራችሁም። ሚዲው ይነግራችኋል። ሚሊሴኮንድ ድረስ።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደዚያው ናቸው)። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ የሙዚቃ መሣሪያ ንግድ ትርኢት ላይ የአሜሪካው ሲኩዌንሻል ሰርኪትስ ኩባንያ ፕሮፌት 600 ሲንተሳይዘር ከጃፓኑ ሮላንድ ጁፒተር 6 ጋር በገመድ ተገናኘ። አንዱን ሲጫወቱት ሌላው አብሮ ጮኸ። ኩባንያዎቹ ተፎካካሪዎች ነበሩ። ግን የሲኩዌንሻሉ ዴቭ ስሚዝና የሮላንዱ ኢኩታሮ ካኬሃሺ መሣሪያዎች ሁሉ የሚግባቡበት አንድ ደንብ ይኑር ብለው ተስማሙ። ደንቡን ለማንም ክፍት አድርገው ለቀቁት። በ2013 ሁለቱም ለዚሁ ሥራ ቴክኒካል ግራሚ ተሸለሙ። ያኔ የተወሰነው ነገር አብዛኛው ዛሬም አለ። 16 ቻናል፣ 128 ኖታ፣ በድሮው ባለ አምስት ፒን ገመድ በሴኮንድ 31,250 ቢት። በዚህ ፍጥነት አንዲት ኖታ ለመድረስ አንድ ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጅባታል። በዩኤስቢ ከዚህ ይፈጥናል። እንዲህ ያለ አሮጌ ነገር እስካሁን ሳይሞት መቆየቱ ይገርመኛል። ስልኬ እንኳ በየሁለት ዓመቱ ቻርጀር ይቀይራል።

ወደ ክሱ ልመለስ። ለኪቦርድ ጠላቶች ሁልጊዜ የማነሣላቸው ምሳሌ ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ። ባንዱ በ1981 አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ከቀሩት አንዱ ነው። በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ ሆኖ ብቻውን አንድ አልበም ቀዳ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን። በቃ። ባንድ የለም፣ ድራመር የለም። ያ ሥራ በ2013 እንደገና ሲታተም ፈረንጁ ሁሉ አበደለት። ከበሮው ማሽን ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ፈቀቅ የማይል። ከላይ ያሉት እጆች ግን ማሽኑን አይታዘዙትም። አንዴ ይቀድሙታል፣ አንዴ ይዘገዩበታል። ታዲያ መሣሪያው ኤሌክትሪክ መሆኑ ምን አጠፋ?

አሁን ቀረብ ብለን እንይ። ችክችካ ልቅዳ። ስድስት ስምንተኛ ነው። ኪቦርዱ ላይ ሁለት ቁልፍ እመርጣለሁ፣ አንዷ ለከበሮው ወፍራም ፊት፣ ሌላዋ ለቀጭኑ። እጫወታለሁ። ከዚያ ኖታዎቹ በሣጥን የተደረደሩበትን መስኮት ትቼ ቁጥሮቹ በዝርዝር የሚታዩበትን እከፍታለሁ። ብዙ ሰው ይህን መስኮት ከፍቶ አያውቅም። እኔ የምጠቀምበት ሪፐር የሚባል የመቅጃ ፕሮግራም አንዱን ሩብ ኖታ 960 ቦታ ይከፍለዋል። ቲክ ይሉታል። በ120 ፍጥነት አንዷ ቲክ ከግማሽ ሚሊሴኮንድ ብዙም አትበልጥም።

ዝርዝሩ እንዲህ ይላል። መጀመሪያዋ ምት ፕሮግራሙ በእኩል ርቀት ያሰመረው የምት መስመር ላይ አርፋለች፣ ኃይሏ 108። ሁለተኛዋ 9 ቲክ ዘግይታለች፣ ኃይሏ 46፣ ማለትም የተነካች ያህል ብቻ። ሦስተኛዋ 34 ቲክ ዘግይታለች፣ ኃይሏ 73። አራተኛዋ እንዲያውም 6 ቲክ ቀድማለች፣ 97። አምስተኛዋ 12 ዘግይታ 41። ስድስተኛዋ 31 ዘግይታ 79። ቀጣዩን መስመር ሳየው ቁጥሮቹ ይለያያሉ፣ ጠባያቸው ግን ያው ነው። ሦስተኛዋና ስድስተኛዋ ወደ ኋላ ይጎተታሉ። አስቤ አላደረግኩትም። ትከሻ የሚወዛወዘው እዚያች ጋ ስለሆነ እጄ ራሱ እዚያ ይቆያል። 34 ቲክ 18 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። ዓይን ጨፍኖ ለመክፈት እንኳ አይበቃም። ጆሮ ግን ይሰማዋል። እስክስታ የሚወርድ ሰው ደግሞ በደንብ ይሰማዋል።

አሁን ሁሉንም መርጬ ኳንታይዝ ልበል። አንድ ሰከንድ አይፈጅም። ሁሉም ምት መስመሩ ላይ ተሰለፈ። 34ቱም 31ዱም ዜሮ ሆኑ። የቀረው ስድስት እኩል እኩል ምት ነው። መቁጠር ለሚማር ልጅ ይሆናል። ችክችካ ግን አይደለም።

ኳንታይዝ ጊዜውን እንጂ ኃይሉን አይነካም። ኃይሉን የሚያጠፋው ሌላ ልማድ ነው። ኖታውን በኪቦርድ ከመጫወት ይልቅ በማውስ መሳል። በማውስ ስትስሉ ፕሮግራሙ ለሁሉም ኖታ አንድ ዓይነት ኃይል ይሰጣል። የከበሮ ፕለጊን የሠሩ ሰዎች አንድን ከበሮ በስሱም በኃይልም መትተው፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ቀድተው፣ በኃይሉ ቁጥር ልክ አደራጅተውታል። እኛ አንዱን ብቻ ደጋግመን እናስጮኸዋለን። ከዚያ «ፕለጊኑ አርቴፊሻል ነው» እንላለን። አርቴፊሻሉ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ኳንታይዝ ይጥፋ አልልም። የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች፣ ኩቤዝም ኤብልተንም ሎጂክም፣ የኳንታይዙን ብርታት በመቶኛ እንድትመርጡ ይፈቅዳሉ። 30 ወይም 40 ላይ አደርገዋለሁ። ያኔ ምቱ ወደ መስመሩ ይጠጋል እንጂ አይጣበቅም። የተዝረከረከው ይሰበሰባል፣ ውዝዋዜው ይቀራል። ቤዝና ትልቁ ከበሮ ሲጣሉ ደግሞ ቤዙን ወደ ከበሮው እወስደዋለሁ፣ ወደ መስመሩ አይደለም። መስመሩን አድማጭ አይሰማውም። ከበሮውን ይሰማዋል።

መዘግየት ሲባል ሌላ የሚያስቸግር መዘግየት አለ። ቁልፉን ትጫኑና ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። ይህ የማን ጥፋት እንደሆነ ሳያውቁ «እጄ ተበላሸ» የሚሉ ልጆች አይቻለሁ። እጃቸው ደህና ነው። ጉዳዩ በፈሩ ነው፣ ኮምፒዩተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅምበት ቦታ። በፈሩ 1024 ሳምፕል (ትንንሽ የድምፅ ቁራጭ) ከሆነ፣ በሴኮንድ በሚያልፉት 44,100 ሲካፈል 23 ሚሊሴኮንድ ይሆናል። 128 ስታደርጉት ወደ 3 ይወርዳል። ስትቀዱ አሳንሱት፣ ሚክስ ስታደርጉ አሳድጉት። ሳውንድ ካርድ ከሌላችሁና ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ አሲዮ ፎር ኦል የሚባለው ነፃ ድራይቨር ብዙ ይረዳል። ይህን ያልኩት 23 ሚሊሴኮንድ ከዚያች 18 ስለሚበልጥ ነው። ማሽኑ በራሱ የሚጨምረው መዘግየት ከችክችካችን ውዝዋዜ ከበለጠ እጃችን ምን ላይ ይደገፍ?

አሁን ወደሚያናድደኝ ልለፍ። በ1991 ጄኔራል ሚዲ የሚባል ደረጃ ወጣ። 128 ድምፆችን በቁጥር ደረደረ። 1 ፒያኖ ነው፣ በየትኛውም ኪቦርድ። ወደ መጨረሻው ላይ «ኢትኒክ» የሚል ክፍል አለው። 105 ሲታር፣ 106 ባንጆ፣ 107 ሻሚሴን፣ 108 ኮቶ፣ 109 ካሊምባ፣ 110 ባግፓይፕ፣ 111 ፊድል፣ 112 ሸናይ። ክራር የለም። ማሲንቆ የለም። ዋሽንት የለም። እንግዲህ በርካሽ ኪቦርድ ክራር የፈለገ ሰው ባንጆው ጋ ሄዶ ይለምናል። ማሲንቆ የፈለገ ፊድሉን ያስለቅሳል። ስንት ዘፈን በዚህ መንገድ እንዳለፈ እግዜር ይወቀው።

ዛሬ የክራርና የማሲንቆ ሳምፕል፣ ማለትም ከእውነተኛው መሣሪያ የተቀዳ ድምፅ፣ ማግኘት ይቻላል። ጥሩ ጥሩ አሉ። ግን ክራርን እንደ ፒያኖ ከተጫወቱት ጥሩው ሳምፕልም አያድንም። ክራር መቺ በቀኝ እጁ ክሮቹን ሁሉ ይገርፋል፣ በግራው ጣቶች የማይፈልገውን ክር ያፍናል። አምስቱ ወይም ስድስቱ ክሮች ባንድ ቅጽበት አይጮሁም፣ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ነው። ስለዚህ ኮርዱን ባንዴ አልጫንም። ከቀዳሁ በኋላ እያንዳንዷን ኖታ ከ8 እስከ 15 ሚሊሴኮንድ አራርቃታለሁ። ወደ ታች ሲገረፍ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፣ ወደ ላይ ሲሆን ይገለበጣል። የታፈኑትን ክሮች ደግሞ በ15 ወይም በ20 ኃይል፣ በጣም አጭር አድርጌ አስገባቸዋለሁ። ለብቻቸው ሲሰሙ ምንም አይደሉም፣ ከሩቅ የሚሰማ ጭረት ናቸው። ስታጠፏቸው ግን ክራሩ ባንጆ ይሆናል። አሰልቺ ሥራ ነው። ለአንድ ዘፈን አንድ ማታ ይበላል።

ማሲንቆ ሌላ ነው። አንድ ክር ነው ያለው። ጣት ከኖታ ወደ ኖታ ሲሄድ መሐል ያለውን ሁሉ እየነካ ያልፋል። ኪቦርድ ደግሞ መሐል የለውም። ያለው ፒች ቤንድ የሚባለው መንኮራኩር ነው። በተለምዶ ሁለት ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች ይወስዳል። ውስጡ ግን 16,384 ደረጃ አለ። ይህ ብዙ ነው። ኃይል 127 ብቻ ሲኖረው መንኮራኩሩ ይህን ያህል መስጠቱ ያኔ የነበሩ ሰዎች ነገሩን አስበውበታል ያሰኛል። ክልሉን ወደ አምስት ወይም ሰባት ግማሽ ድምፅ አሰፋዋለሁ። ኖታዋን አንዴ ብቻ በቀኝ እጄ እጫናለሁ፣ ዜማውን በግራ እጄ መንኮራኩሩ ላይ እፈልገዋለሁ። መጀመሪያ የሰከረ ሰው ይመስላል። ሲለመድ እያለቀሰ መሄድ ይጀምራል።

ቅኝቱስ? ትዝታና ባቲ ኪቦርድ ላይ ደህና ይቀመጣሉ። አንቺሆዬ ግን ኪቦርድ ላይ ሁሌ ይጎረብጠኛል። ከዶ ብንነሣ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው ብለን እንጫናለን። ኖታዎቹ ትክክል ናቸው። ክራር ላይ በጆሮ የተቃኘው ግን ከዚያ ትንሽ ይለያል። ኪቦርድ ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ ይከፍላል፣ ክራር መቺ እንዲህ ያለ ውል አልፈረመም። ብዙ አሬንጀር ኪቦርዶች «ስኬል ቱን» የሚል ቦታ አላቸው። እያንዳንዱን ኖታ በሴንት ዝቅና ከፍ ያደርጋሉ፤ አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ብዙ ፕለጊኖችም ይህን ይችላሉ። ማኑዋሉ መጨረሻ አካባቢ ተደብቆ ይገኛል።

አንድ ጊዜ ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ ጋሼ እኔ ጋ መጡ። ሄድፎን አደረግኩላቸው፣ ምት የሚቆጥረውን ክሊክ ለቀቅኩላቸው። ጥቂት ሞክረው ሄድፎኑን አወለቁት። «ልጄ፣ ይቺ ውስጥ የምታንኳኳው ዘፈኑን አታውቀውም እኮ» አሉኝ። ክሊኩን አጠፋሁት። ሁለተኛ ማይክ ወለሉ ላይ፣ እግራቸው አጠገብ አስቀመጥኩ። ጋሼ ሲጫወቱ በእግራቸው ምት ይጠብቃሉ። ተጫወቱ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሄዱ።

ከዚያ ሥራው የእኔ ሆነ። የእግራቸውን ድምፅ ተከትዬ በየምቱ የፍጥነት ነጥብ ተከልኩ። ፕሮግራሙ የራሱን መስመር ትቶ የእሳቸውን እግር መስመር አደረገ። ግጥሙን ሲሉ ፍጥነቱ ወደ 96 ይወርዳል፣ አዝማቹ ላይ 103 ይደርሳል። ማንም አይሰማውም፤ የሚሰማው ዘፈኑ ሲተነፍስ ነው። ቀድሜ የሠራሁት የቤዝና የከበሮ ሚዲ ነበረ። መስመሩ ሲለወጥ እሱም አብሮ ተለወጠ። ሳይጨናነቅ፣ ድምፁ ሳይበላሽ፣ ምክንያቱም የሚጎተተው ድምፅ አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። ኪቦርድ ሙዚቃችንን ገደለ ለሚል ሰው ይህን ፋይል ከፍቼ ባሳየው ደስ ይለኛል። ማሽኑ ከሽማግሌው እግር ሥር ገብቶ ይሄዳል።

ሚዲ የማይደርስበትም አለ። በገና ለምሳሌ። አሥር ክር አለው፤ ያ የሚንዘረዘረው ድምፁ የሚመጣው ክሩ ድልድዩ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ ነው። ቆዳዋ ትንሽ ፈቀቅ ስትል ድምፁ ይለወጣል። ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት ረጅም ጊዜ እሷን ሲያባብል ይቆያል። ያን በ127 ደረጃ ጻፍልኝ ብሎ መለመን አይቻልም። በ2020 የወጣው ሚዲ 2.0 ኃይሉን ወደ 65,536 ደረጃ አሳድጎታል። ቢሆንም ለበገና ማይክ ነው የማወጣው።

በተረፈ ሚዲ ለእኛ ዓይነት አገር የተሠራ ይመስለኛል። የአንድ ደቂቃ ስቴሪዮ ድምፅ በ24 ቢት ወደ 16 ሜጋባይት ይጠጋል። የአንድ ሙሉ ዘፈን ሚዲ ብዙውን ጊዜ ከአንዲት ፎቶ ያንሳል። ኔት ቢዳከምም በቴሌግራም ይሄዳል። መብራት ሲሄድ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ ቤዙን ትጨርሳላችሁ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ፒያኖ ተጫዋች። እሱ ከሥራ ሲገባ እኔ ልተኛ ስል ነው። ማታ ይልክልኛል፣ ጠዋት ድምፅ መርጬ አስገባዋለሁ።

ከእሱ ጋር የተጣላነው በዚሁ ጉዳይ ነው። የላከው ፋይል በጣም ንጹሕ ነበር። ዝርዝሩን ስከፍት ሁሉም ኖታ ዜሮ ላይ ተቀምጧል። ከመላኩ በፊት አጥቦ፣ ተኩሶ ነው የላከው። ደወልኩለት። «እንዳታፍርብኝ ብዬ ነው» አለኝ። «ጥሬውን ላክልኝ» አልኩት። ሁለት ቀን አኮረፈ። ከዚያ ላከው።

ጥሬው ውስጥ ሁለት ግልጽ ስህተት አለ፣ ጣቱ ያመለጠችበት። ግራ እጁ ደግሞ ከቀኙ ይዘገያል፣ ከ20 እስከ 40 ቲክ፣ አዝማቹ ላይ ይብሳል። ሁለቱን ስህተቶች አስተካከልኩ፣ ግራ እጁን አልነካሁትም። አሁን የቀረው ክራሩ ነው። ክራር መቺው ቅዳሜ ይመጣል፣ ክራሩን በራሱ ጆሮ ይቃኝ ብያለሁ። ከተለመደው የመቃኛ ልክ፣ ከ440 ኸርዝ፣ ፈቀቅ ማለቱ አይቀርም። እሱ ሲጨርስ የፒያኖውን ሚዲ በሴንት ወደ እሱ አመጣዋለሁ፤ ስንት እንደሚሆን ቅዳሜ ቱነሩ ላይ እናየዋለን።